መሬት እምቢ ባለበት ስፍራ
ስለ ራዲዮ አንቴና የመሬት ሽቦና የሚዛን ሽቦ፥ በፔካ 12 ምሳሌነት ለመምህራን የተሰጠ ንግግር



በጂቡቲ ከተማ ዳርቻ፥ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ ፔካ 12 የሚባል ሠፈር ይገኛል። «ፔካ» በፈረንሳይኛ የኪሎ ሜትር ምልክት ለሚባለው ስም ሁለቱ መነሻ ፊደላት ሲሆኑ፥ 12 ደግሞ ከከተማው ያለውን ርቀት ያመለክታል። የኢትዮጵያ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ስፍራ በመሆኑ አማርኛ በዚያ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። ከአቃቂ ወይም ከቢሾፍቱ ሜዳ የተነሣ ሾፌር እዚያ ሲደርስ፥ ከጎማው በታች ያለውን ምድር ፈጽሞ ተለውጦ ያገኘዋል። የተነሣበት አገር በክረምት እግር የሚይዝ መረሬ ነው፤ የደረሰበት ግን ጥቁር የባዛልት ድንጋይና ደረቅ ጠጠር ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲጥል፥ በጂቡቲ ከተማ በአማካይ የሚጥለው 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህ ልዩነት ለገበሬ ብቻ ሳይሆን ለራዲዮ ሰውም ትልቅ ነገር ነው። የራዲዮ ማሠራጫ ሽቦውን ወደ ሰማይ ቢዘረጋም ሥራውን የሚፈጽመው ከምድር ጋር ተባብሮ ነውና። የዚህ ንግግር ዋና አሳብም ይኸው ነው፤ የአንቴናው ግማሽ ከላይ የሚታየው ሽቦ ሲሆን ግማሹ ከታች ያለው የማይታየው ነው፤ መሬት ያን ግማሽ ለመሆን እምቢ ባለበት ስፍራም ሰው በገዛ እጁ በሽቦ ሊሠራው ይችላል።

አማተር ራዲዮ የሚባለው፥ ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ብለው፥ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብለው፥ በራሳቸው ጣቢያ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገሩበት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መጠሪያ «ኢ ቲ» በሚሉት ፊደላት ይጀምራል፤ የጂቡቲ ደግሞ «ጄ 2» በሚለው ምልክት ይጀምራል። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ፥ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ፥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የክበብ ጣቢያ አለው። የእነዚህ ጣቢያዎች ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት አይበልጥም፤ ይኸውም ቀድሞ አንድን ክፍል ያበራ ከነበረው አምፑል የሚበልጥ አይደለም። ኃይሉ እንዲህ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በከንቱ የሚጠፋው እያንዳንዱ ዋት የሚያስቆጭ ነው።

ኃይሉ በከንቱ የሚጠፋው እንዴት ነው? ብዙ ሰው ስለ መሬት ሽቦ ሲያስብ፥ መሬት የማይፈለገው ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚፈስስበት ጥልቅ ጉድጓድ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ስለ መብረቅ ሲነገር ጥቂት እውነት ቢኖረውም ስለ አንቴና ሲነገር ግን ያሳስታል። የኤሌክትሪክ ጅረት ከአንድ ጫፍ ወጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ከማሠራጫው አንድ እግር የወጣው ያህል በሌላው እግር መመለስ አለበት። ቀጥ ብሎ በቆመ አንቴና ላይ፥ አንዱ እግር ወደ ላይ ከሚወጣው ሽቦ ጋር ሲገናኝ ሁለተኛው ከመሬት ጋር ይገናኛል። ከሽቦው የሚነሣው የኤሌክትሪክ መስክ በዙሪያው ባለው ምድር ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ጅረቱ በአፈሩ ውስጥ እየተሰበሰበ ወደ አንቴናው ሥር ይመለሳል። መረሬው እርጥብ ሲሆን መንገዱ የቀና ነው። ድንጋዩ ደረቅ ሲሆን ግን ጅረቱ በየእርምጃው እየታገለ ስለሚመለስ፥ ወደ ዓለም ሊሄድ ይገባው የነበረው ኃይል ድንጋይ ሲያሞቅ ይቀራል። «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ኤሌክትሪክን የማሳለፍ ችሎታ በቍጥር ሲመዘን፥ የባሕር ውኃ ከደረቅ ድንጋያማ ምድር 5,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ጥሩ የሸክላ አፈር ደግሞ ከዚያው ድንጋያማ ምድር 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በ7 ሜጋ ኸርትዝ የሚሠራ የራዲዮ ጅረት በባሕር ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው አንድ ስንዝር ላልሞላ ነው፤ በደረቅ ባዛልት ውስጥ ግን ብዙ ሜትር ድረስ ይሠርጋል። ስለዚህ በፔካ 12 አንድ የብረት ችካል በብዙ ድካም ድንጋይ ውስጥ ቢቀበር፥ ያ ችካል በሰፊው ተበትኖ የሚመለሰውን ጅረት ሊሰበስበው አይችልም። የጂቡቲ አገር በአሳል ሐይቅ ጨው የታወቀ ነውና፥ በችካሉ ዙሪያ የጨው ውኃ በማፍሰስ መፍትሔ ይገኛል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ነገር ግን ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ የቀረው ጨው ብረቱን ይበላዋል፤ ከችካሉ ክንድ ያህል ርቆ ያለው ድንጋይም እንደ ቀድሞው ደረቅ ሆኖ ይቆያል።

የመሬት ነገር ለራዲዮ አባቶችም ፈተና ሆኖባቸው ነበር። ከራዲዮ በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ1838 ጀርመናዊው ስታይንሃይል በቴሌግራፍ መሥመር ላይ የመመለሻውን ሽቦ አውጥቶ በምትኩ መሬትን መጠቀም እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1895 ጣልያናዊው ማርኮኒ አንደኛውን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሁለተኛውን ከመሬት ጋር ባገናኘ ጊዜ ምልክቱ የሚደርስበት ርቀት በብዙ ጨመረ። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ሌላ መንገድ ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ባቀረበው የፈጠራ ሥራ መሬትን ትቶ፥ ከላይ ላለው ሰፊ ብረት ተመጣጣኝ የሚሆን ሌላ ብረት ከታች አኖረ። ከምድር ጋር ሳይነካካ፥ ከላይ ላለው አቻ ሆኖ ከታች የሚዘረጋው ሽቦ በውጭ ቋንቋ ካውንተርፖይዝ ይባላል። ትርጓሜው እንደ ገበያ ሚዛን ነው፤ በአንደኛው ጻሕን ላይ ዕቃ ሲቀመጥ በሌላው ላይ ልኩን የሚያህል ክብደት ካልተቀመጠ ሚዛኑ አይቆምም። ስለዚህ በአማርኛ የሚዛን ሽቦ ቢባል ከሥራው ጋር ይስማማል።

የሚዛን ሽቦ ለአማተሮች ያደረገው ትልቅ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ታየ። በዚያ ወር በአሜሪካ በኮኔክቲከት ግዛት በግሪኒች የተተከለ የአማተሮች ጣቢያ የላከው መልእክት፥ አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻግሮ በስኮትላንድ በአርድሮሳን ተሰማ። ከዚያ አንቴና በታች፥ እንደ መንኰራኵር ዘንግ በየአቅጣጫው የተዘረጉ የሚዛን ሽቦዎች ነበሩ። ከ16 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1937፥ ብራውን፥ ሉዊስና ኤፕስታይን የተባሉ የአሜሪካ መሐንዲሶች ከአንቴና ሥር የሚቀበሩትን ሽቦዎች ከጥቂት ጀምረው እስከ 113 ድረስ እየጨመሩ ለክተው፥ የሽቦው ብዛት የሚባክነውን ኃይል እንዴት እንደሚቀንስ በግልጥ አስታወቁ። ለታላላቅ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች 120 ሽቦ መቅበር የተለመደ ሥርዓት የሆነው ከዚያ ጥናት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የራዲዮ ታሪክ የአቃቂ ጣቢያ ስም ሁልጊዜ ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን ወረራ በደረሰ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፅ ወደ ዓለም የተላለፈው ከዚያ ነውና። የታሪክ ተማሪ የሚያስታውሰው ንግግሩን ነው። የፊዚክስ ተማሪ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር ሊጨምር ይችላል፤ የአቃቂ ሜዳ በመረሬው የታወቀ ነው፤ እንደዚህ ያለ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈርም ለራዲዮ ከባዛልት ድንጋይ ይልቅ የቀና ወዳጅ ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ። የሞገድን ርዝመት በሜትር ለማግኘት 300ን በሜጋ ኸርትዝ ለተቈጠረው ፍሪኩዌንሲ ማካፈል ነው። ለ7.1 ሜጋ ኸርትዝ ሞገዱ 42 ሜትር ከሩብ ያህል ይሆናል፤ የዚህ አንድ አራተኛ፥ ለሽቦው ጫፍ ጥቂት ተቀንሶለት፥ 10 ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚያህል ቀጥ ብሎ የቆመ ሽቦ ኃይልን ወደ ጠፈር ለመላክ 36 ኦም ያህል የጨረር ተቃውሞ አለው። ይህ መልካም ተቃውሞ ነው፤ በእርሱ ላይ የዋለው ኃይል ሞገድ ሆኖ ይሄዳልና። የመሬት ተቃውሞ ግን ሙቀት ብቻ የሚያተርፍ ነው። የመሬቱ ተቃውሞም 36 ኦም ቢሆን፥ ከ100 ዋት 50ው ይሄዳል፥ 50ው ድንጋይ ያሞቃል። ወደ 12 ኦም ቢወርድ 75 ዋት ይሄዳል። ወደ 4 ኦም ቢወርድ 90 ዋት ይሄዳል። በአንድ ችካል ብቻ ተማምኖ የመሬቱ ተቃውሞ 100 ኦም ቢሆንበት ግን፥ ወደ ዓለም የሚሄደው ከ100 ዋት 26ቱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። የማሠራጫዎች ገመድ የሚስማማው ከ50 ኦም ጋር ነው። አንቴናው 36 ኦም፥ መጥፎው መሬት 14 ኦም ቢሆን፥ ሁለቱ ተደምረው በትክክል 50 ይሆናሉ፤ የመለኪያው መሣሪያም ፍጹም ስምምነት እንዳለ ያሳያል። ባለቤቱ ደግሞ ሽቦ ጨምሮ መሬቱን ባሻሻለ ጊዜ ድምሩ ወደ 40 ኦም ይወርድና መሣሪያው ስምምነቱ ጥቂት እንደ ተበላሸ ይናገራል። ነገሩን የማያውቅ ሰው የጨመረውን ሽቦ ነቅሎ ይጥላል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ ስምምነት እንጂ ኃይሉ የት እንደ ሄደ አይደለም። ለመምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ተማሪ አንድን መለኪያ ከማመኑ በፊት መለኪያው የሚለካው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ በፔካ 12 አንድ መምህር ፈቃድ አግኝቶ አንቴና ለማቆም ቢነሣ ምን ያድርግ? ሁለት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው ሽቦዎቹን በምድር ላይ መዘርጋት ነው። ድንጋዩን መቈፈር አያስፈልግም፤ የራዲዮ ጅረት ሽቦው ከላይ መቀመጡን አይጠላም። 10 ሜትር ያህል የሆኑ 16 ሽቦዎች ከአንቴናው ሥር ተነሥተው በየአቅጣጫው ቢዘረጉ፥ ከአንድ ችካል ጋር የማይወዳደር መሻሻል ይገኛል፤ 32 ቢሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። በምድር ላይ የተኛ ሽቦ ከምድሩ ጋር ስለሚተሳሰር፥ ርዝመቱ በትክክል መለካት የለበትም። ሽቦው ጥቂት ሲሆን ከማስረዘም ይልቅ ቍጥሩን ማብዛት ይጠቅማል።

ሁለተኛው መንገድ እውነተኛው የሚዛን ሽቦ ነው። የአንቴናውን ሥር ከምድር 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፥ ከዚያ አራት ሽቦዎችን፥ እያንዳንዳቸውን 10 ሜትር ያህል፥ በአራቱ ማዕዘን መዘርጋት ነው። እነዚህ ሽቦዎች ድንጋዩን ስለማይነኩት፥ መስኩ ከድንጋዩ ይልቅ በመዳቡ ላይ ያርፋል፤ ጅረቱም በመዳብ ይመለሳል። በቅርብ ዓመታት አማተሮች ያደረጉት ልክ እንዳሳየው፥ በሚገባ የተሠሩ አራት የሚዛን ሽቦዎች በምድር ላይ ከተዘረጉ ብዙ ሽቦዎች ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣሉ። ነገር ግን ሕጋቸው የጠበቀ ነው። አራቱ ርዝመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ቢያጥር ወይም ከቆርቆሮ ጣራ ቢጠጋ፥ ጅረቱ ለአራቱ እኩል መከፋፈሉ ይቀርና ሚዛኑ ይዛባል። ከማሠራጫው የሚመጣው ገመድም ውጫዊ ልብሱ አምስተኛ የሚዛን ሽቦ እንዳይሆን፥ ከአንቴናው ሥር አጠገብ ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ ጅረቱን የሚያግድ ጥቅልል ሊደረግለት ይገባል። በባሕር አጠገብ ጨዋማ አየር ብረትን ቶሎ ስለሚበላ፥ ልብስ ያለው የመዳብ ሽቦ መምረጥና መጋጠሚያውን ከአየር መሸፈን ያሻል።

የሚዛን ሽቦ ግን ሁሉን አይፈውስም። ምድር ለአንቴና ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛው በቅርብ ያለው የጅረቱ መመለሻ ነው፤ ይህን ሰው በሽቦ ሊያሻሽለው ይችላል። ሁለተኛው በሩቅ፥ ብዙ የሞገድ ርዝመት ርቆ፥ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ የሚሄደውን ሞገድ የሚያንጸባርቀው ምድር ነው፤ ይህ በአንድ ሰው ሽቦ አይለወጥም። በባሕር ዳር የቆመ አንቴና ከድንጋያማው ሜዳ አንቴና ወደ ሩቅ አገር አብልጦ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። የጂቡቲ ሰው በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ይህ ዕድል አለው፤ ፔካ 12 ላይ ያለው ግን በቅርቡ ያለውን ኪሳራ በማስቀረት ሊጽናና ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ሊረሳ የማይገባው የሕይወት ነገር ነው። «መሬት» የሚለው አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ስለሚሸፍን አደጋ ያመጣል። የመጀመሪያው በቤት ኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ብልሽት ሲደርስ ሰውን ከሞት የሚያድን የመከላከያ መሬት ነው። ሁለተኛው የመብረቅ መሬት ነው። ሦስተኛው የራዲዮ መሬት ወይም የሚዛን ሽቦ ነው። የሚዛን ሽቦ የፊተኞቹን ሁለቱን ሥራ ከቶ አይሠራም። በምድር ላይ የማያርፍ ሽቦ መብረቅን የትም አያደርሰውም፤ የተበላሸ መሣሪያንም አያስጠብቅም። ስለዚህ የሚዛን ሽቦ ያለው ጣቢያም ቢሆን ችካል ያስፈልገዋል፤ ያም ችካል ከቤቱ የመከላከያ መሬት ጋር በወፍራም ሽቦ መያያዝ አለበት። በባዛልት ላይ አንድ ችካል ካልበቃ ባለሙያ ጠርቶ ብዙ ችካሎችን ማያያዝ ይገባል። የቧንቧ ውኃን መሥመር እንደ መሬት መጠቀም የቆየ ልማድ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ልማዱ ከንቱ ሆኖአል። የኤሌክትሪኩን ኑል ሽቦ በመሬት ፈንታ መጠቀም ግን ከቶ የማይደረግ ነው። ደግሞም ማሠራጫው በሚሠራበት ጊዜ በሚዛን ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ብርቱ ቮልቴጅ ስለሚኖር፥ ልጆች በእጃቸው ሊደርሱበት ከሚችሉት ከፍታ በላይ መሆን አለባቸው። ነጐድጓድ በሚበዛባቸው በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ደግሞ ደመና መክበድ ሲጀምር የአንቴናውን ገመድ ከመሣሪያው ማላቀቅ የዘወትር ልማድ ሊሆን ይገባል።

ይህ ሁሉ ለትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል? ፈቃድም ማሠራጫም የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ነገሩን ሊያሳይ ይችላል። በአንድ የፕላስቲክ ሣሕን ውስጥ ደረቅ አሸዋ ጨምሮ፥ ሁለት ምስማር ተክሎ፥ በ6 ቮልት ባትሪና በሚሊ አምፔር መለኪያ ማገናኘት ነው። መርፌው አይነቃነቅም። ንጹሕ ውኃ ሲጨመርበት ጥቂት ይነሣል፤ ጨው ሲጨመርበት ብዙ ይነሣል። ተማሪው በአንድ ሣሕን ውስጥ ባዛልቱን፥ መረሬውንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ በተራ አየ ማለት ነው። ኃይለኛ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ቅርብ በሆነበት አገር ደግሞ፥ ያለ ባትሪ የሚሠራ የዳዮድ መቀበያ መሥራት ይቻላል። ይህ መቀበያ ከሞገዱ ከራሱ በቀር ሌላ ኃይል ስለሌለው የመሬቱ ሽቦ ሲነቀል ድምፁ ይደክማል። በምትኩ 20 ሜትር ያህል ሽቦ በግቢው ውስጥ ሲዘረጋለት ድምፁ ይመለሳል። ተማሪው ያን ጊዜ የሚዛን ሽቦን ትርጕም በጆሮው ይሰማዋል፤ ከመጽሐፍ ብቻ ከተማረው ይልቅም አይረሳውም።

የዕቃ እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት ውጤት ሲታጣ፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የመሣሪያው ድካም ነው ተብሎ ሌላ ውድ መሣሪያ ይጠየቃል። በአንቴና ነገር ግን 26 ዋት ብቻ የሚልክ ባለ 100 ዋት ጣቢያ፥ መሬቱን ሳያሻሽል 75 ዋት ለመላክ ቢፈልግ 290 ዋት ያህል የሚያወጣ ማሠራጫ መግዛት አለበት። ይህኑ ውጤት በጥቂት ጥቅል ሽቦና በአንድ ቀን ሥራ ሊያገኘው ይችል ነበር። መሬቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ አስቀድሞ የጠየቀ መምህር ገንዘቡን ያድናል፤ ተማሪዎቹም የጐደለውን ከመግዛት በፊት የሚባክነውን መፈለግ ይማራሉ።

የፔካ 12 ድንጋይ የራዲዮ ጠላት አይደለም፤ ጠባዩ ታውቆ ልኩ ሊሠራለት የሚገባ ምድር ነው። በመረሬ ላይ የተማረ ሰው የመረሬን ሕግ ወደ ባዛልት ይዞ ከሄደ ይደክማል፤ የአገሩን ምድር መርምሮ ለዚያ ምድር የሚስማማውን ሽቦ የዘረጋ ግን በ100 ዋት ከዓለም ጋር ይነጋገራል።